የመንገድን ሐቅ መስጠት፦ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በእግርና በሳይክል



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ዓስር ሰግዶ ወደ ሐይቁ መውረድ ለሐዋሳ ተማሪ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሳምንቱን ሙሉ በሌክቸርና በአሳይመንት የተጨናነቀ ጭንቅላት ውሃውንና አባ ኮዳዎቹን ሲያይ ይረጋጋል። እኛም ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቅዳሜ አራት ሆነን ወርደን ነበር። መግሪብን እዚያው አቅራቢያ ሰግደን ወደ ግቢ ስንመለስ የእግረኛ መንገዱ በቆሙ መኪናዎችና በቡና መሸጫዎች ስለተያዘ አስፋልቱ ላይ ወጣን። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ጀርባችንን ለመኪና ሰጥተን፣ የፈተናውን ወሬ እያወራን ስንሄድ ከኋላችን የመጣ ባጃጅ በስፖኪዮው አንዱን ወንድማችንን ክርኑ ላይ መታው። ሲወድቅ በእጁ መሬቱን ደገፈ፤ አንጓው ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየ። የሚጽፍበት ቀኝ እጁ ነበር።

ያን ምሽት ከሆስፒታል ስንመለስ ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፤ «ቀደር ነው፣ አልሐምዱሊላህ ከዚህ የባሰ አልሆነ»። ምስጋናው ትክክል ነው። ነገር ግን በማግስቱ ዶርም ውስጥ ተቀምጠን ስናስበው ሌላ ጥያቄ መጣ። አራታችንም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ፍጥነት፣ ርቀት፣ ሰበቃ እያልን ፈተና የምንሠራ ሰዎች ያን ዕለት በየትኛው ስሌት ነው ጀርባችንን ለመኪና ሰጥተን የሄድነው? ሰበቡን ሳናደርስ ቀደር ብለን ዝም ማለት ይበቃናል ወይ? ይህ ጽሑፍ ከዚያ ውይይት የወጣ ነው።

ቦታው

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው። ስለዚህም ከብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች በተለየ ለእግርና ለሳይክል የተፈጠረች ትመስላለች። ዳገት ስለሌለ ሕፃኑም አዛውንቱም ፔዳል ይመታል። ከመሐል ከተማ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው ሰፊ ጎዳና፣ ከዚያም በሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ድረስ ያለው አካባቢ በሰንበትና በበዓል ቀን በሰው ይሞላል። የፊቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበርበት ጉዱማሌም ከዚሁ ከሐይቁ ዳር ነው። በዒድ ቀን ደግሞ የእኛው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወርዳል።

ችግሩ ሰው መብዛቱ አይደለም። ችግሩ በጣም የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ነገሮች አንድ መስመር መጋራታቸው ነው። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሳይክል 15 ገደማ፣ ባጃጅ 40፣ የቤት መኪናና ሞተር ሳይክል ደግሞ መንገዱ ክፍት ከሆነ 50 እና 60 ይነዳሉ። በተጨማሪም ሐይቅ ዳር ያለ ሰው እንደ ሌላ መንገደኛ አይደለም። ድንገት ይቆማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ ይሮጣል። ሰዓት ተከራይቶ ሳይክል የሚለማመድ ታዳጊም ቀጥ ብሎ መሄድ ገና አልቻለም።

ሰዓቱም የራሱ ጉዳይ አለው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ከዓስር በኋላ ወደ ሐይቁ የሚነዳ ሾፌር ፀሐይን ፊት ለፊት ያያታል። ሰው የሚበዛበት ሰዓትና ሾፌሩ ዓይኑን የሚጨፍንበት ሰዓት አንድ ነው ማለት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጨለማው ቶሎ ይወርዳል። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ማምሻው ረጅም ነው፤ እዚህ ግን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨልማል። መግሪብን ሰግዶ፣ ሱናውን ጨምሮ፣ ጫማውን አድርጎ የወጣ ሰው የሚመለሰው በጨለማ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል

አንድ ሾፌር ከፊቱ ሰው ሲያይ መኪናው ወዲያው አይቆምም። መጀመሪያ ዓይኑ ማየት፣ አእምሮው መረዳት፣ እግሩ ፍሬን መርገጥ አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ አንድ ሰኮንድ ተኩል ያህል ይወስዳል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መኪናው በነበረበት ፍጥነት ይጓዛል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ደግሞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አለ። ይህ ርቀት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል።

በደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ፍሬን ላለው መኪና ስናሰላው እንዲህ ይወጣል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ እስኪነቃ 12.5 ሜትር፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም 5 ሜትር፣ በድምሩ 17.5 ሜትር ያህል ይፈጅበታል። በ50 የሚሄደው እስኪነቃ ብቻ 21 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከዚያ 14 ሜትር ሲጨመር 35 ሜትር ይሆናል። በ60 ደግሞ ወደ 45 ሜትር ይደርሳል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ። አንዲት እህት 18 ሜትር ርቀት ላይ መንገድ ብትገባ በ30 የሚመጣው መኪና ከፊቷ ይቆማል። በ50 የሚመጣው ግን እዚያ ቦታ ሲደርስ ሾፌሩ ገና ፍሬን አልረገጠም። በሙሉ 50 ነው የሚያገኛት። ልዩነቱ «ትንሽ ቶሎ መድረስ» ይመስላል እንጂ በሕይወት መኖርና አለመኖር ነው።

የምቱን ኃይል ደግሞ በሌላ መልክ ማየት ይቻላል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መመታት ከ3.5 ሜትር ከፍታ ከመውደቅ ጋር ይመጣጠናል፤ አንድ ፎቅ ማለት ነው። በ50 መመታት ከ10 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ከፍታ እንደመውደቅ ነው። በ60 ከ14 ሜትር ይበልጣል። ከዶርማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመን ወደ ታች ብናይ አንዘልም። አስፋልት ላይ ስንሆን ግን ያው ከፍታ ስለማይታየን አንፈራውም።

የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ነው የሚለው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የገዳይ አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በድርጅቱ የ2023 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ላሉ ሰዎች ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ዕድሜው የእኛ ዕድሜ ነው፤ የታናናሾቻችንም ነው። ከሟቾቹ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎችና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ተሳፋሪዎች ናቸው።

ዝናብ ሲዘንብስ? እርጥብ አስፋልት ላይ የጎማው መያዝ ስለሚቀንስ በ50 የሚሄደው መኪና መቆሚያ ርቀት ከ35 ወደ 45 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በክረምት ካፊያ ሲጀምር ሁላችንም ጃኬታችንን ጭንቅላታችን ላይ ጥለን የምንሮጠው በዚያው ሰዓት ነው። እኛም አናይም፣ እሱም አይቆምም።

ጨለማና ልብስ

ማታ በአጭር መብራት የሚነዳ ሾፌር ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው ለይቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሜትር አካባቢ ሲቀርበው ነው። ነጭ የለበሰን ከዚያ ራቅ ብሎ ያየዋል። አንጸባራቂ ነገር ያደረገን ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያየዋል። አሁን ይህን ከላይኛው ስሌት ጋር አገናኙት። በ50 የሚመጣ መኪና ለመቆም 35 ሜትር ይፈልጋል፤ ጥቁር የለበሰውን ሰው የሚያየው ግን በ25 ሜትር ነው። ሾፌሩ ጠንቃቃ ቢሆን እንኳ፣ ቢፈልግ እንኳ፣ መቆም አይችልም።

ይህ ጥቁር ዓባያና ጅልባብ ለሚለብሱ እህቶቻችን ይመለከታል፤ ጥቁር ሁዲ ለምንለብሰው ወንዶችም እኩል ይመለከታል። ልብስ ለውጡ ማለታችን አይደለም። ቦርሳ ላይ የምትለጠፍ አንዲት አንጸባራቂ ቁራጭ ትበቃለች። እሷ ከሌለች የስልክ መብራት አብርቶ ወደ መሬት ይዞ መሄድም ይጠቅማል። እኛ ሾፌሩን ስላየነው እሱም ያየን ይመስለናል፤ የመኪናው መብራት ዓይናችንን ሲወጋን እንዴት አያየንም እንላለን። ግን ብርሃኑ የሱ ነው እንጂ የኛ አይደለም።

እግረኛ ግራውን፣ ሳይክል ቀኙን

አንደኛ ደረጃ ሳለን «ግራህን ይዘህ ተጓዝ» ተብለን ተምረናል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን አልጠየቅንም። በአገራችን ተሽከርካሪ በቀኝ ይሄዳል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ግራውን ይዞ የሚሄድ ሰው ለእሱ ቅርብ የሆነውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ሾፌሩ ስልክ እያየ ቢመጣ እንኳ እግረኛው አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ዳር መውጣት ይችላል። እኛ ያን ቅዳሜ ቀኛችንን ይዘን ስለነበር ያንን አንድ እርምጃ አጣናት።

ሳይክል ግን ተሽከርካሪ ስለሆነ ቀኙን ይዞ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው መሄድ ያለበት። ምክንያቱ ይኸው፦ ሳይክሉ በ15፣ ባጃጁ በ40 ቢሄዱና አቅጣጫቸው አንድ ቢሆን የሚቀራረቡት በ25 ነው። 50 ሜትር ቢራራቁ ባጃጁ ለመድረስ ከ7 ሰኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ተቃራኒ ከሆኑ ግን የሚቀራረቡት በ55 ነው፤ ያለው ጊዜ ከ3 ሰኮንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እግረኛ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መውጣት ይችላል፤ ሳይክል ላይ ያለ ሰው አይችልም። በተጨማሪ ከቅያስ መንገድ የሚወጣ ሾፌር የሚያየው መኪና ወደሚመጣበት ወገን ነው። ከተቃራኒው የሚመጣውን ሳይክል አይጠብቀውም።

መንገድ ስናቋርጥም ስሌት አለ። ሰባት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በመደበኛ እርምጃ ለማቋረጥ 6 ሰኮንድ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ በ50 የሚሄድ መኪና 80 ሜትር ይጓዛል። የመብራት ምሰሶዎቹ በ30 ሜትር ተራርቀው ከተተከሉ ይህ የሦስት ምሰሶ ርቀት ሊሆን ምንም አይቀረውም። ከዚያ የቀረበ መኪና ካለ «እደርሳለሁ» ማለት ቁማር ነው። አዛውንት ወይም ሕፃን ይዘን ከሆነ ደግሞ ጊዜው ይጨምራል።

መንገዱ ራሱ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ እኛ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በእግረኛው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ያን ቀን አስፋልት ላይ የወጣነው መሄጃው ስለተዘጋ ጭምር ነው። የስዊድን ፓርላማ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው አስተሳሰብ እንዲህ የሚል ነው፦ ሰው ይሳሳታል፤ መንገዱ መሠራት ያለበት ስህተቱ ሞት እንዳያስከትል ሆኖ ነው። ይህንን የተከተሉ ከተሞች ውጤት አይተዋል። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ዓመቱን ሙሉ አንድም እግረኛ፣ አንድም ሳይክል ነጂ በመንገድ አደጋ አልሞተባትም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በስቶክሆልም የተሰበሰቡት አገሮችም እግረኛ፣ ሳይክልና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተስማምተዋል። ከላይ ያየነው ስሌት ለምን 30 እንደተመረጠ ያስረዳል።

አገራችንም ባዶ እጇን አይደለችም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ለሰዓታት መንገዶችን ከመኪና ነፃ አድርጎ ለእግረኛና ለሳይክል የመክፈት ልማድ በአዲስ አበባ ተጀመረ። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም ከ2020 እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) የሚቆይ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የሳይክል መስመሮችን ይዞ ወደ ክልል ከተሞች፣ ወደ ሐዋሳም ደርሷል። ስለዚህ ጥያቄው አዲስ ነገር ፈጥሮ መለመን አይደለም፤ የተጀመረው በትክክል እንዲሠራ መከታተል ነው።

በትክክል ማለት ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ የእግረኛ መንገድ ስፋት የሚለካው ከግንቡ እስከ ጠርዙ አይደለም። ምሰሶው፣ ዛፉ፣ የሱቁ ወንበር፣ የቆመው ሞተር ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው የሚቆጠረው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ ወይም አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ ሰው ሊተላለፉ ካልቻሉ መንገዱ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሳይክልና እግረኛ መለየት አለባቸው። ቀለም መቀባት ብቻ አይበቃም፤ የከፍታ ልዩነት ወይም ጠርዝ ያስፈልጋል። በተለይ ሐይቅ ዳር፣ ሰው ቆሞ ውሃ በሚያይበት ቦታ። ሦስተኛ፣ ማቋረጫው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ቢሠራ ዜብራም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ይሆናል። ቀለሙ በአንድ ክረምት ይጠፋል፤ ጉብታው ግን ሾፌሩ ወደደም ጠላም ያዘገየዋል። አራተኛ፣ ሰፊ በሆነው ጎዳና መሐል ላይ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ደሴት ቢኖር መንገዱን በሁለት ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማየት ይበቃል። አምስተኛ፣ መብራት ከሁሉ በፊት ማቋረጫው ላይ ይሁን። ስድስተኛ፣ ለባጃጅ መቆሚያ ቦታ ይሰጠው። መቆሚያ የሌለው ባጃጅ ተሳፋሪ ባየበት ሁሉ ድንገት ይቆማል። ባጃጅ ነጂው ወንድማችን ነው፤ ብዙ ጊዜ በእኛው ዕድሜ ያለ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልጅ ነው። መቆሚያ ሳይሰጡት በመቆሙ መውቀስ ብቻ መፍትሔ አያመጣም።

ዲናችን ምን ይለናል

መድረሳ የተማርን ሁሉ የምናውቀው ሐዲስ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን መንገድ ዳር ከመቀመጥ ሲያስጠነቅቁ፣ እነሱም ሌላ መነጋገሪያ ቦታ የለንም ባሉ ጊዜ፣ እንግዲያው ለመንገዱ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁንም ሲዘረዝሩ ዓይንን መስበር፣ ሰውን ከማስቸገር መቆጠብ፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል እንደሆነ አስረዱ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ ሐዲስም አስቸጋሪ ነገርን ከመንገድ ላይ ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ ተደርጎ ተቆጥሯል። ብዙ ጊዜ ይህን ስንሰማ እሾህና ድንጋይ ነው የምናስበው። የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ ሞተር፣ ክዳን የሌለው የውሃ ቱቦ፣ የተቃጠለ አምፖል የዘመናችን እሾህ ነው። ለጁሙዓ ስንቸኩል የእግረኛ መንገድ ዘግተን የምናቆመው ሳይክልም እንደዚያው።

ስለ ቀደርም ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ የሆነውን እናስታውስ። ወረርሽኝ መግባቱን ሲሰሙ ሠራዊቱን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ የምንሸሸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው በሚል መለሱላቸው። ሰበብ ማድረስም ከቀደር ነው። ግራን ይዞ መሄድ፣ መብራት ማብራት፣ ሦስት ምሰሶ ርቀት መጠበቅ ተወኩልን አይቀንስም።

ሾፌሩን በተመለከተም ነገሩ ቀላል አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ በስህተት ሰው ለገደለ ሰው ዲያና ከፋራ ደንግጓል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ ሁለት ወር ተከታታይ ይጾማል። ሆን ብሎ ያላደረገው ሰው ላይ ይህን ያህል ከተጣለ፣ የአንድ ነፍስ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ብሩናይ ላይ ባደረገው ስብሰባ ስለ ትራፊክ አደጋ ውሳኔ አሳልፏል። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ እንደሆነ፣ ሾፌርም ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ገልጿል። የተጎጂውም ጥፋት ካለበት እያንዳንዱ የድርሻውን እንደሚሸከም ጨምሯል። ስለዚህ ቀይ መብራት መጣስ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ወንድም ካለ ይህን ይመልከት። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን።

ሌላም አለ። ለሶላት ስንሄድ በእርጋታ እንድንሄድ፣ እንዳንሮጥ ታዘናል፤ የደረስንበትን እንሰግዳለን፣ ያመለጠንን እንሞላለን። ኢቃማ ሰምቶ አስፋልት ላይ በሩጫ የሚገባ ሰው ሁለት ነገር ያጣል፤ ሱናውንም ጥንቃቄውንም። በረመዷን ደግሞ ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ሁሉም የሚቸኩልበት ነው። ሾፌሩም ጾመኛ፣ እግረኛውም ጾመኛ። ቦርሳ ውስጥ ሦስት ተምር ይዞ የሚወጣ ሰው ግን መንገድ ላይም ማፍጠር ይችላል፤ መሮጥ አያስፈልገውም።

ምን እናድርግ

ከዛሬ ጀምሮ ልንይዛቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

በእግር ስንሄድ፦ የእግረኛ መንገድ ካለ በእሱ፣ ከሌለ ግራችንን ይዘን፣ ሲጠብ በአንድ ረድፍ እንሂድ። ማቋረጫ ላይ ኢርፎን ከጆሮ ይውጣ። ከመግባታችን በፊት ሾፌሩ እንዳየን በዓይናችን እናረጋግጥ።

በሳይክል ስንሄድ፦ ቀኛችንን እንያዝ። ከመከራየታችን በፊት ሁለቱንም ፍሬን፣ ጎማውንና ደወሉን እንሞክር፤ የማይሠራ ከሆነ ይቅርብን። ማታ ከፊት ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ይኑር። ሐይቅ ዳር ሰው ሲበዛ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ከቆሙ መኪናዎች ጎን ስናልፍ በር ቢከፈት የማይደርስብንን ያህል እንራቅ።

ባጃጅ ስንሳፈር፦ «ቶሎ በል፣ ረፈደብን» የሚለው ተሳፋሪ ለፍጥነቱ ሸሪክ ነው። ስንወርድም በመንገዱ ዳር በኩል እንጂ በመሐሉ በኩል አንውረድ።

አደጋ ከደረሰ፦ የወደቀን ሰው ከተጨማሪ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በቀር ጎትተን አናንሳው። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገን እንያዝ። አንድ ሰው መኪና ያስቁም፣ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው አይክበብ። ስልኩ አደጋ ሳይደርስ በፊት ይመዝገብ። የሦስተኛ ወገን መድን ዋስትና አዋጅ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መብት ይሰጣል፤ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ቢሆን እንኳ ተጎጂው ካሳ የሚጠይቅበት ፈንድ አለ። ይህን ስለማያውቁ መብታቸውን ሳይጠይቁ የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው።

እንደ ጀመዓ፦ ሲቪል የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። ከዓስር እስከ ዒሻእ ሐይቅ ዳር ቆሞ እግረኛውን፣ ሳይክሉን፣ ባጃጁን መቁጠር፣ ፍጥነት መለካት፣ የተዘጋውን የእግረኛ መንገድ በካርታ ላይ ማስፈር ይቻላል። ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው መጻፍ ዝም ብሎ ከማማረር ይሻላል። ሐይቁ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ከሌሎች የግቢው ተማሪዎች ጋር አብረን ብንሠራው ይበልጥ ይሰምራል። ማቋረጫው ላይ የምትተርፈው ነፍስ የማን እንደሆነች አናውቅም፤ አንድን ነፍስ ያዳነ ሰው ሰውን ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር ግን እናውቃለን።

ወንድማችን ጀሶው ወጥቶለታል፣ አልሐምዱሊላህ። በስድስቱ ሳምንት ማስታወሻውን የጻፍንለት እኛ ነበርን፤ የእጅ ጽሑፋችን ስለማይነበብ ሲቆጣን ከረመ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ስንመለስ ግራችንን ይዘን፣ በአንድ ረድፍ ነው። ወሬው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ሌላ የቀረብን ነገር የለም።

አላህ ሁላችንንም በሰላም ወጥተን በሰላም የምንመለስ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ